ዕረፍቴ አርብ ነው፤ ሰንበቴስ የቱ ነው?

ጥያቄው፦ «ሰላም መምህር፣ እንደምን አሉልኝ? ኩዌት ሰው ቤት ነው የምሠራው። ያደግኩት በኦርቶዶክስ ቤተሰብ ነው። ዕረፍት የምወጣው አርብ ብቻ ስለሆነ፣ አርብ አርብ ከሌሎች ኢትዮጵያውያን ጋር ተሰብስበን እንጸልያለን። ቅዳሜም እሑድም ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ነኝ። አብራኝ የምትወጣ አንዲት እኅት አድቬንቲስት ናት። እውነተኛው ሰንበት ቅዳሜ ነው፣ እሑድን ያመጡት ንጉሡ ቆስጠንጢኖስና የሮም ጳጳስ ናቸው፣ እሑድን ማክበር የአውሬው ምልክት ነው ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሁለቱንም አላከበርኩም። የሰንበትን ትእዛዝ እየሻርኩ ነው ወይ? እንቅልፍ አጥቻለሁ። ከእሷ ጋርስ መጸለይ እችላለሁ?»

እኅቴ፣ ሰላም ለአንቺ ይሁን።

እንቅልፍ የነሳሽን ነገር አስቀድሜ ልመልስልሽ። ትእዛዙን አልሻርሽም። የምታርፊበትን ቀን ሌላ ሰው እየወሰነልሽ፣ በተሰጠሽ ቀን እግዚአብሔርን እያመለክሽ ከሆነ የሰንበት ሕግ አንቺን አይከስሽም። ለምን እንዲህ እንደምል ቆይቼ አስረዳሻለሁ፤ ምክንያቱ ከትእዛዙ ከራሱ ቃል የሚወጣ ነው። ጓደኛሽ ያነሳቻቸው ነጥቦች ግን ቀላል አይደሉም። ክርስቲያኖች ለዘመናት የተከራከሩባቸው ናቸው። በእኛ አገር ደግሞ ሰው የታሰረባቸውና የተሰደደባቸው ናቸው። የማስተምረው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ከቆስጠንጢኖስ እንጀምር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው።

ቆስጠንጢኖስ ስለ እሑድ ሕግ ማውጣቱ እውነት ነው። ቀኑም ይታወቃል፤ ማርች 7 ቀን 321 ዓ.ም. ነው። ሕጉ ዳኞችና የከተማ ነዋሪዎች በፀሐይ ቀን፣ ማለትም በእሑድ፣ እንዲያርፉ፣ የእጅ ሥራ ቤቶችም እንዲዘጉ ያዛል። ገበሬውን ግን አይከለክልም። የዘር ጊዜ እንዳያልፍበት መሥራት ይችላል ይላል። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ደግሞ ባሪያን ነፃ የማውጣት ጉዳይ በእሑድም መፈጸም እንደሚቻል ተፈቀደ። ልብ በዪ፤ ሕጉ የሚያወራው ስለ ፍርድ ቤት፣ ስለ ሥራ ቦታና ስለ እርሻ ነው። «ቅዳሜን ትታችሁ በእሑድ አምልኩ» የሚል ቃል የለበትም። እንዲህ ማለትም አላስፈለገውም። ክርስቲያኖቹ እሑድ መሰብሰብ ከጀመሩ ዘመናት አልፈው ነበርና።

ይህን በምን እናውቃለን? ዮስጢኖስ ሰማዕት የሚባል፣ በሰማርያ ምድር ተወልዶ ሮም ላይ ያስተማረ ክርስቲያን አለ። በ150ዎቹ ዓ.ም. አካባቢ ለንጉሠ ነገሥቱ የመከላከያ ጽሑፍ ጻፈ። ክርስቲያኖች ተሰብስበው ምን እንደሚሠሩ ምንም ሳይደብቅ ነገረው። በፀሐይ ቀን የከተማውም የገጠሩም ሰው በአንድ ቦታ ይሰበሰባል አለ። የሐዋርያት ማስታወሻዎችና የነቢያት መጻሕፍት ጊዜ እስከፈቀደ ድረስ ይነበባሉ። መሪው ያስተምራል። ሁሉም ተነስቶ ይጸልያል። ኅብስትና ወይን ይቀርባል፤ ላልመጡትም በዲያቆናት እጅ ይላክላቸዋል። ያለው ሰው በፈቃዱ ይሰጥና ገንዘቡ ለወላጅ አልባዎች፣ ለመበለቶች፣ ለእስረኞችና ለእንግዶች ይውላል። ለምን በዚህ ቀን? እግዚአብሔር ዓለምን መፍጠር የጀመረበት የመጀመሪያው ቀን ስለሆነና ክርስቶስ ከሙታን የተነሣበት ቀን ስለሆነ ነው አለ። ይህ የተጻፈው ከቆስጠንጢኖስ ሕግ ከ160 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው። ከዮስጢኖስም በፊት የአንጾኪያው አግናጥዮስ ለሰማዕትነት ሲወሰድ በጻፈው መልእክት፣ ክርስቲያኖች ሰንበትን ትተው በጌታ ቀን እንደሚኖሩ ተናግሯል። ዲዳኬ የሚባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍም በጌታ ቀን ተሰብሰቡ፣ ኅብስት ቍረሱ፣ አስቀድማችሁም ኃጢአታችሁን ተናዘዙ ይላል።

የሮም ጳጳስ ለወጠው የሚለውስ? በዚያ ዘመን የሮም ጳጳስ ሌላውን የሚያዝበት እንዲህ ያለ ሥልጣን አልነበረውም። በ2ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የሰምርኔሱ ጳጳስ ፖሊካርፕ ወደ ሮም ሄዶ ከሮሙ ጳጳስ ከአኒቄጦስ ጋር ስለ ፋሲካ ቀን ተነጋገሩ። አልተስማሙም። ሁለቱም በየልማዳቸው ጸንተው በሰላም ተለያዩ። በዚያው መቶ ዘመን መጨረሻ ሌላው የሮም ጳጳስ ቪክቶር በዚሁ ጉዳይ የእስያን አብያተ ክርስቲያናት ሊያወግዝ ሲነሣ፣ የሊዮኑን ጳጳስ ሄሬኔዎስን የመሰሉ አባቶች ገሠጹት። እንግዲህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚመጣ በዓል ይህን ያህል የተጨቃጨቁ ሰዎች፣ በየሳምንቱ የሚያመልኩበትን ቀን ሮም ብትለውጥባቸው ዝም ይሉ ነበር? የእስያዎቹም የሶርያዎቹም የሮሞቹም ጽሑፎች እሑድን እንደ ታወቀ ነገር ነው የሚያነሱት።

ጓደኛሽ ይህን ከየትም አላመጣችውም ግን። በ19ኛውና በ20ኛው መቶ ዘመን አንዳንድ የካቶሊክ ትምህርተ ሃይማኖት መጻሕፍት «ሰንበትን ወደ እሑድ የለወጠችው ቤተ ክርስቲያናችን ናት» ብለው ጽፈዋል። ፕሮቴስታንቶችን «መጽሐፍ ብቻ ካላችሁ እሑድን ከየት አገኛችሁት?» ብለው ለመርታት ነበር። አድቬንቲስቶች ይህንን ካቶሊኮች ራሳቸው እንዳመኑት አድርገው ይጠቅሱታል። ለክርክር የተጻፈ መጽሐፍ ግን ለ2ኛው መቶ ዘመን ታሪክ ምስክር ሊሆን አይችልም።

አሁን ደግሞ ለእሷ ልመስክርላት።

«ሰንበት ከቅዳሜ ወደ እሑድ ተዛውሯል» የሚል ጥቅስ በአዲስ ኪዳን ውስጥ የለም። የለም ስልሽ የለም። እሑድ የሚያከብሩ ሰባኪዎች አንዳንዴ ያለ አስመስለው ሲናገሩ እሰማለሁ፤ ያሳዝነኛል። ጌታ እንደ ልማዱ በሰንበት ወደ ምኵራብ ይገባ ነበር። ጳውሎስም በየሄደበት በሰንበት ምኵራብ ገብቶ ያስተምር ነበር። ለእሑድ ያለን ማስረጃ ትእዛዝ ሳይሆን ልማድ ነው። ጌታ የተነሣው ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን ነው። ለደቀ መዛሙርቱ በዚያው ምሽት ታያቸው፤ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ቶማስ ባለበት፣ ደግሞ መጣ። በጢሮአዳ የነበሩት ምእመናን «ከሳምንቱም በፊተኛው ቀን» እንጀራ ለመቍረስ ተሰበሰቡ። ጳውሎስ የቆሮንቶስ ሰዎች ለድሆች የሚሰጡትን በዚያው ቀን እንዲያስቀምጡ አዘዘ። ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት ሳለ «በጌታ ቀን በመንፈስ ነበርሁ» አለ። እነዚህ ተደምረው አንድ ልማድ ሲወለድ ያሳያሉ። ለእኔ በቂ ናቸው። «በቂ አይደሉም፣ እግዚአብሔር በጣቱ የጻፈውን የሚሽር ግልጽ ቃል አምጡልኝ» የሚልን ሰው ግን እንደ መናፍቅ ልሳደብበት አልችልም። ጥያቄው ቅን ነው።

ክርስቲያኖች የተለያዩትም እዚሁ ላይ ነው። ካቶሊኮች፣ ቶማስ አኵዊናስ እንዳስተማረው፣ ለእግዚአብሔር ጊዜ መለየት የማይሻር የባሕርይ ሕግ ነው፣ ሰባተኛው ቀን መሆኑ ግን የሚያልፍ ሥርዓት ነበር ይላሉ። የፕሮቴስታንት ተሐድሶ መሪ የነበረው ሉተር በበኩሉ የትኛውም ቀን ከሌላው አይበልጥም አለ፤ ግን ሕዝቡ ቃሉን የሚሰማበት ቀን ያስፈልገዋልና ከጥንት የመጣውን እሑድን አንቀይር አለ። የእንግሊዝና የስኮትላንድ ተሐድሶ አማኞች ደግሞ በ1640ዎቹ በዌስትሚንስተር ባወጡት የእምነት መግለጫ እሑድ ራሱ «የክርስቲያን ሰንበት» ነው፣ ከሥራም ከጨዋታም ይከለከልበታል አሉ። ኤሪክ ሊድል የተባለው ስኮትላንዳዊ ሯጭ በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ የ100 ሜትር ማጣሪያ እሑድ ስለዋለ አልሮጥም ብሎ፣ በ400 ሜትር ወርቅ ያገኘው ከዚህ እምነት የተነሣ ነው። ከዚያው ከእንግሊዝ ምድር በ17ኛው መቶ ዘመን የሰባተኛ ቀን ባፕቲስቶች ወጡ። ሰንበት ከሆነማ መጽሐፉ የሚለው ሰባተኛውን ቀን ነው አሉ። በ1840ዎቹ ትምህርቱን አሜሪካ ውስጥ ለነበሩት አድቬንቲስቶች ያሳወቀችው ከእነሱ ወገን የነበረች አንዲት ሴት ናት። የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1863 ሚሺጋን ውስጥ ተደራጀች፤ የስዊድን ሚስዮናውያኖቿም በ1907 አሥመራ ደረሱ።

ሰባተኛውን ቀን የማክበር ነገር ግን ወደ እኛ አገር የገባው በ1907 አይደለም። ጓደኛሽ ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል፤ አንቺም የቤትሽን ታሪክ ልታውቂ ይገባል።

በጥንቱ የምሥራቅ ክርስትና እሑድ ሲከብር ቅዳሜ ተጥላ አልቀረችም። በ4ኛው መቶ ዘመን ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ሁለቱን ቀናት ወንድማማች ብሎ ጠርቷቸዋል፤ አንዱን የናቀ ሌላውን በምን ዓይኑ ያያል ብሎም ጠይቋል። የግብፅ በረሃ መነኮሳት ሳምንቱን በየበዓታቸው ከርመው ለቅዳሴ የሚሰበሰቡት ቅዳሜና እሑድ ነበር። በ5ኛው መቶ ዘመን የነበረው ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ፣ በዓለም ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ለማለት ይቻላል ቅዳሜም ይቀድሳሉ፣ የእስክንድርያና የሮም ሰዎች ግን ትተውታል ብሎ ጻፈ። ተቃራኒ ድምፅም ነበር። በ360ዎቹ አካባቢ በታናሽ እስያ የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤ በ29ኛው ቀኖናው ክርስቲያኖች እንደ አይሁድ በሰንበት ሥራ እንዳይፈቱ አዘዘ። ጉባኤ ተሰብስቦ «እንዳትፈቱ» ብሎ የሚከለክለው የሚፈታ ሰው ስላለ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በዚህ ክርክር ውስጥ ለአይሁድ የነበረው ጥላቻም ገብቶበታል። ይህ የሚያኮራን የታሪካችን ክፍል አይደለም።

በጾም ጉዳይ ደግሞ ምሥራቅና ምዕራብ ተለያዩ። ሮም ቅዳሜን ትጾም ነበር። በምሥራቅ ግን ከአንዲት ቅዳሜ በቀር በቅዳሜና በእሑድ የጾመ ካህን ይሻር የሚል ቀኖና ነበረ። አንቺ ይህንን ታውቂዋለሽ። በዐቢይ ጾም ቅዳሜና እሑድ ከሥጋና ከወተት ብንከለከልም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳንበላ አንውልም፤ ስግደትም የለም። በዓመት አንድ ቅዳሜ ብቻ እንጾማለን፤ የፋሲካ ዋዜማ የሆነችውን ቀዳም ስዑርን። እናትሽ ቤት ስትኖሪ ያደረግሽው ይህ ሁሉ ቅዳሜን ማክበር ነው።

ይህ ሥርዓት በአገራችን ያለ ዋጋ አልቆመም። በ14ኛው መቶ ዘመን አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ቅዳሜም እሑድም ሁለቱም ሰንበት ናቸው ብለው አስተማሩ። ተቃውሞው በረታባቸው። ጳጳሳቱ ከእስክንድርያ የሚመጡ ግብፃውያን ስለነበሩ፣ የእስክንድርያ መንበር ደግሞ ቅዳሜን ስለተወች፣ ነገሩ ከመንበሩ ጋር እንደ መጣላት ተቆጠረ። ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርታቸውን ይዘው አገር ጥለው ወጡ። በግብፅ፣ በኢየሩሳሌምና በቆጵሮስ አልፈው አርመንያ ደረሱ። በ1352 እዚያው በስደት ዐረፉ። በአገር ቤት የቀሩት ተከታዮቻቸው ተገለሉ። ክህነት ከጳጳሱ አይቀበሉም፤ ሌላውም ካህን ቤተ ክርስቲያኑን አይከፍትላቸውም። እነሱ ግን ወደ ሰሜን ሄደው ገዳም ገደሙ። ደብረ ቢዘንና ደብረ ማርያም ከእነሱ የተገኙ ናቸው። የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ በዚሁ ምክንያት ታሰሩ። ዐፄ ዳዊት በ1404 ኤዎስጣቴዎሳውያኑ እንደ ልማዳቸው ቅዳሜን እንዲያከብሩ ፈቀዱ። ፍቅር ግን ገና አልወረደም፤ ሁለት ወገን ሆነው ቀጠሉ።

መቋጫው የመጣው በዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ዘመን ነው። በ1450 ንጉሡ በሸዋ፣ ተጉለት ውስጥ ባለችው በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠሩ። ሁለቱ ግብፃውያን ጳጳሳት አባ ሚካኤልና አባ ገብርኤል ተገኙ። የኤዎስጣቴዎስ ልጆችም መጡ። ተስማሙ። ቅዳሜና እሑድ ሁለቱም እንዲከበሩ፣ ኤዎስጣቴዎሳውያኑም ከጳጳሳቱ ክህነት እንዲቀበሉ ተወሰነ። ንጉሡ መንግሥታቸውን አንድ ለማድረግ መፈለጋቸው አይካድም፤ በሌላ ነገር ደግሞ እጃቸው የከበደ ሰው ነበሩ። ሆኖም ይህ ጉባኤ እኔ ከማስተምረው ታሪክ ሁሉ የምወደው ነው። መቶ ዓመት የተወገዘ ወገን አሸናፊም ተሸናፊም ሳይባል ወደ አንድ ማዕድ ሲመለስ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ውስጥ እምብዛም አናይም።

ከመቶ ዓመት በኋላ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን መጥተው «እናንተማ አይሁድ ናችሁ» ሲሉ፣ ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ገደማ በጻፉት የሃይማኖት መግለጫ መለሱላቸው። ቅዳሜን የምናከብረው ውኃ እንደማይቀዱት፣ እሳት እንደማያነዱት፣ እንጀራ እንደማይጋግሩት፣ ከቤት ወደ ቤት እንደማይሄዱት እንደ አይሁድ አይደለም አሉ። እኛ ቅዳሴ እየቀደስን፣ ማዕድ እየሠራን ነው የምናከብረው፣ ሐዋርያት ዲድስቅልያ በሚባለው የሥርዓት መጽሐፍ እንዳዘዙን አሉ። ከእሑድ ጋርም አላስተካከሏትም፤ የትንሣኤው ቀን የበላይ ነው። ዐፄ ሱስንዮስ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲሄዱ ከሻሯቸው ነገሮች አንዱ ይኸው የቅዳሜ በዓል ነበር። አገሩ ተነሣባቸው። የበጌምድሩ ገዢ ዮናኤል አመፀ። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ።

ስለዚህ «ቤተ ክርስቲያንሽ ቅዳሜን ጣለች» ስትልሽ፣ ትክክል አይደለም በያት። ልዩነታችሁ ሌላ ነው። ለእሷ ሰንበት ሰባተኛው ቀን ብቻ ነው፣ ከሥራም ፈጽሞ ይታረፍበታል። ለአንቺ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሜም ትከበራለች፤ የሳምንቱ ዋና ግን ክርስቶስ የተነሣበት እሑድ ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ይህን ሁሉ የጻፍኩት ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹ እሑድ አክባሪዎች እሑድ ሥራ ፈተው የሚውሉ ሰዎች አልነበሩም። ቆስጠንጢኖስ እስኪመጣ ድረስ እሑድ የሥራ ቀን ነበር። በ112 ዓ.ም. አካባቢ በዛሬዋ ቱርክ ሰሜን ያለውን አገር ያስተዳድር የነበረው ሮማዊው ፕሊኒ፣ ስለ ክርስቲያኖች ምን ላድርግ ብሎ ለንጉሠ ነገሥቱ ለትራያን ደብዳቤ ጻፈ። እንዲህ የሚል ነገር አለበት፤ በተወሰነ ቀን ጎህ ሳይቀድ ይሰበሰባሉ፣ ለክርስቶስ እንደ አምላክ ይዘምራሉ፣ ይበተናሉ፣ ኋላ ደግሞ ለምግብ ይገናኛሉ። ቀኑን በስም አልጠራውም፤ አብዛኞቹ የታሪክ ሰዎች እሑድ ነው ይላሉ። ለምን ጎህ ሳይቀድ? አብዛኛው ቀን ላይ ሥራ ስላለበት ይመስለኛል። ፕሊኒ እውነቱን ለማውጣት ብሎ ያሠቃያቸው ሁለት ሰዎችም በደብዳቤው ላይ አሉ። ሁለቱም ሴቶች፣ ሁለቱም ባሪያዎች፣ በጉባኤያቸው ግን አገልጋዮች ነበሩ። ስማቸውን አልጻፈልንም። የጌታን ቀን ያቆዩልን እንዲህ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በሰው ቤት የሚያገለግሉ፣ ጊዜያቸው የራሳቸው ያልሆነ፣ ከእንቅልፋቸው ቀንሰው የሚጸልዩ። በጢሮአዳ ጳውሎስ እስከ እኩለ ሌሊት ሲያስተምር አውጤኪስ የተባለው ወጣት እንቅልፍ ጥሎት ከመስኮት መውደቁን አንብበሻል። ያ ስብሰባ የተደረገው በሌሊት ነው።

ትእዛዙንስ ራሱን በደንብ አንብበሽው ታውቂያለሽ? ዘዳግም ምዕራፍ 5 ላይ ተመልከቺ። «አንተ፣ ወንድ ልጅህ፣ ሴት ልጅህ» እያለ ይሄድና «ባሪያህና ገረድህ» ይላል፤ እንደ አንተ ያርፉ ዘንድ ብሎ ምክንያቱን ይሰጣል። ቀጥሎም አንተም በግብፅ አገር ባሪያ እንደ ነበርህ አስብ ይላል። ትእዛዙ የተነገረው ለማን ነው? ለቤቱ ጌታ ነው። ገረዲቱን የሚያሳርፋት እሱ ነው፤ ካላሳረፋት የሚጠየቀውም እሱ ነው። ገረዲቱ በዚህ ሕግ ውስጥ የምትገኘው ዕረፍት እንደሚገባት ሰው እንጂ እንደ ተከሳሽ አይደለም። አንቺ እሑድ ጠዋት የማዳምሽን ወለል ስትወለውይ ይህን ሕግ እየሻርሽ አይደለም። ሕጉ በአንቺ ቦታ ላለች ሴት ጥብቅና የቆመ ነው። ይህን አንድ ነገር ከመልሴ ከያዝሽልኝ ሌላው ቢረሳሽም ግድ የለም። የኩዌት የ2015 የቤት ሠራተኞች ሕግም በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት እንደሚገባሽ ይደነግጋል፤ መብትሽ ነው፣ እወቂው።

አርብ መጸለይሽ ነውር የለበትም። ኩዌትና ኳታር ውስጥ የሥራ መዝጊያው ቀን አርብ ስለሆነ የየአገሩ ክርስቲያን ብዙው ሕዝብ ዋናውን ጉባኤ አርብ ያደርጋል። ኤምሬቶች ውስጥም እንደዚያው ነበር፤ በጃንዋሪ 2022 መንግሥቱ ቅዳሜና እሑድን የዕረፍት ቀን ሲያደርግ ነው ነገሩ የተለወጠው። አርብን ግን ሰንበት አድርገሽ አትቁጠሪው። አርብ የስቅለቱ ቀን፣ ጾም ነው። የተሰበሰባችሁበት ቀን ነው እንጂ እሑድን አልተካም። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር እሑድ የሚገባው ቅዳሜ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። ማታ ሥራሽን ጨርሰሽ ክፍልሽ ስትገቢ እሑድ ገብቷል ማለት ነው። የዕለቱን ወንጌል አንብቢ፣ አባታችን ሆይ በዪ፣ ጌታ ስለ ተነሣ አመስግኚ። ጠዋት ማዳም ሳትነሣ ዐሥር ደቂቃ ካገኘሽ ያችው ትበቃሻለች። ረዘም ያለ ሥርዓት ከፈለግሽ ለንስሐ አባትሽ ደውዪና ሁኔታሽን ሳትደብቂ ንገሪያቸው። እንደ አቅምሽ ይሰጡሻል፤ በስደት ያለን ሰው ከአቅሙ በላይ የሚጭን ካህን አይመስለኝም።

ስለ አውሬው ምልክት። የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ራሷ ዛሬ እሑድ የሚያመልክ ክርስቲያን ሁሉ ምልክቱን ተቀብሏል ብላ አታስተምርም። ወደ ፊት እሑድ በመንግሥት ሕግ በግድ ሲታዘዝ የሚመጣ ፈተና ነው ብላ ነው የምታስተምረው። እኔ በዚህ የራእይ አተረጓጎም አልስማማም። ቢሆንም ጓደኛሽ ከቤተ ክርስቲያኗ አልፋ አስፈራርታሻለችና ይህን በፍቅር ንገሪያት። ቆላስይስ 2 ላይ ጳውሎስ «ስለ ሰንበት ማንም አይፍረድባችሁ» ይላል። አድቬንቲስቶች ይህ የሚናገረው ስለ ዓመታዊ በዓላት ሰንበት ነው ይላሉ። እሺ፣ ይሁን። ሮሜ 14 ላይ ግን አንድን ቀን ከሌላ ቀን የሚያስበልጠውንም፣ ቀን ሁሉ አንድ ነው የሚለውንም «እያንዳንዱ በገዛ አእምሮው አጥብቆ ይረዳ» ብሎ ሁለቱንም በጌታ ፊት ያቆማቸዋል።

ከእሷ ጋር ስለ መጸለይ፣ ቤተ ክርስቲያንሽ በቅዳሴና በምሥጢራት አብሮነትን አትፈቅድም፤ በጋራ ጸሎትም ጥንቁቅ ናት። ስለዚህ ይህንንም ለንስሐ አባትሽ አቅርቢ፤ እኔ ከእሳቸው በላይ ልሆን አልችልም። መጽሐፍ ቅዱስ አብራችሁ ማንበብን ግን ማንም አይከለክልሽም። እስቲ አንድ ነገር አስቢላት። የእሷ ሰንበት የሚገባው አርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ነው። እናንተ ከዕረፍት ወደ አሠሪ ቤት የምትመለሱት በዚያው ሰዓት አይደል? ሰንበቷ ሲጀምር ሥራዋ ይጀምራል። ቅዳሜን ቀኑን ሙሉ ልቧ እየተሰበረ ነው የምትሠራው ማለት ነው። አንቺን እንዲህ አጥብቃ የምትከራከርሽ ራሷም ስለተጨነቀች ይመስለኛል። በሚቀጥለው አርብ እንዴት እንደምትችለው ጠይቂያት። የዘዳግሙን ክፍልም አሳያት፤ ለገረዲቱ የተባለው ለእሷም ነው።